ቤት ሁሉ «ግን» ሆነ

ማክሰኞ፣ ጥር 20። ከቀኑ 10፡30

ዛሬም በአንድ ጣት። ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ አራት መስመር። አንገቴ ደርቋል። ኪቦርዱን ሳይ ስክሪኑ ያመልጠኛል፤ ስክሪኑን ሳይ ጣቴ የት እንደነበረ ይጠፋኛል። «ሰ» ለመጻፍ መጀመሪያ የፈረንጅ ኤስ መፈለግ አለብኝ። ሰን እያወቅሁ፣ ከኤስ ደጅ ቆሜ።

ይባስ ብሎ የጻፍኩት ሁሉ ከሥሩ ቀይ መስመር ተሰመረበት። ሁሉም። «ውሻ» ቀይ። «ወንዝ» ቀይ። ስሜ ቀይ። «ዓለም»ን በዓይኑ ዐ ስለጻፍኩ ይሆን ብዬ በአልፋው አ ቀየርኩት። ያው ቀይ። ሃያ ስድስት ዓመት ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የኖርኩት እኔ ነኝ። በስተርጅና ማን ነው እኔን የሚያርመኝ?

እትዬ አበራሽ ከጀርባዬ ቆመው ሳቁ። የት/ቤታችን ጸሐፊ ናቸው፤ ክፍሉም ኮምፒዩተሩም የሳቸው ነው። በታይፕ ጀምረው እዚህ የደረሱ የዳንግላ ሴት።

«እረግ! መምህር፣ ምን አባቱ ያስደነግጥሃል? እሱ እኮ አማርኛ አያውቅም፣ አዊኛም አያውቅም። የማያውቀውን ሁሉ ስህተት ነው ይላል። እንዳላየህ እለፈው።»

የማያውቀውን ሁሉ ስህተት ነው ይላል። ነገሩ ወጋኝ። የት ጋ እንደወጋኝ አላወቅሁም።

እዚያ ለምን እንደተቀመጥኩ አንተ ታውቃለህ፣ ደብተሬ። ቁጣዬ እንዳይበርድ ግን ደግሜ ልጻፈው። ለሦስተኛ ክፍል የአዊኛ፣ የእኛ የአገው ቋንቋ፣ ማንበቢያ የሚሆኑ አሥራ ዘጠኝ ተረቶች። ሦስት ዓመት ሰበሰብኩ፤ ግማሹን ከእናቴ አፍ። ለትምህርት ጽ/ቤቱ አቀረብኩ። በእጅ የተጻፈ አንቀበልም፣ በኮምፒዩተር ተጽፎ በሶፍት አምጣ ተባልኩ። ገበያው ፊት ለፊት ወዳለችው የጽሕፈት ሱቅ ወሰድኩት። እዚያ የምትጽፈው ልጅ አዊኛ አታውቅም። እኛ ዘንድ አንዲት ፊደል አለች፤ ጝ። ግ ሆና አናቷ ላይ ቅጥያ ያላት፣ በአፍንጫ የምትወጣ፣ አማርኛ የማያውቃት። ልጅቷ ሁሉንም ግ አደረገቻት። «ጝን» ቤት ማለት ነው። «ግን» ሆነ። በአሥራ ዘጠኙም ተረት፣ ቤት ሁሉ «ግን» ሆነ። ሰውየው ግን ሠራ። ውሻው ወደ ግን ገባ። ግኑ ተቃጠለ።

ስጠይቃት፣ «የእርስዎ እጅ ተንቀጥቅጦ ፊደሉ የተበላሸ መስሎኝ ነው፤ አስተካከልኩልዎት» አለችኝ። አስተካከልኩልዎት!

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ የራሴ ጥፋት ነው። ሳላነበው በስልኳ ወደ ጽ/ቤቱ እንድትልከው የፈቀድኩ እኔ ነኝ። አሁን እዚያ ተቀምጧል። እስከ የካቲት 7 የታረመውን ካላመጣሁ ያንኑ ያትሙታል። ከነ ስሜ። ልጆች «ግን» እያሉ ቤታቸውን ሊያነቡ።

ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልሰጥም። ራሴ እማራለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 23። ጠዋት 4፡00

ከተማው በፈረስ ተሞልቷል። የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው፤ ከየወረዳው ገብተዋል። ኮቴው በመስኮት ይሰማል፣ ዘፈኑም። እኔ ከእትዬ አበራሽ ቁልፍ ተቀብዬ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። በሁለት ጣት ደርሻለሁ። ሦስት ገጽ!

ልክ ሦስተኛው ገጽ ሲያልቅ

5፡20

መብራት ሄደ። ለዚህ ነው ከላይ ያቋረጥኩት። ተመልሶ መጣ። ሦስቱ ገጾች አልመጡም። ለእትዬ አበራሽ ደወልኩ። ከፈረሱ ጩኸት መሃል፣ «ሴቭ አላደረግህም እንዴ?» አሉኝ። ሴቭ ምንድን ነው አልኩ። ለሕፃን እንደሚነግሩ አድርገው ነገሩኝ። ያ አነጋገር ከስድብ ይከፋል።

የጻፍኩትን «ይቀመጥ» ካላልኩት አይቀመጥም! እንዲህ ያለ ጸሐፊ የት አለ? አንተን፣ ደብተሬ፣ ማን ሴቭ አድርጎህ ያውቃል? ዝናብ መቶህ ደርቀሃል። በሬ ረግጦሃል። አለህ።

ፈረሰኞቹን ሳላይ ወደ ቤት ገባሁ። በመንገድ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ እንኳን አደረሰህ ይለኛል። ፊቴን ያየ ሁለተኛ አላለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 24። ማታ 1፡00

ዘንገና፣ እናቴ ዘንድ ዋልኩ። በባጃጅ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በእግር። ዲከረንስ በሚሉት፣ ለከሰል በሚተከለው ዛፍ መሃል የከሰል ጭስ። ድንች እየለየች አገኘኋት፤ ለዘር የሚሆነውን ለብቻ፣ የሚበላውን ለብቻ።

የሱቋን ህትመት ይዤ ነበር። ክፉ ሐሳብ መጣልኝ፤ እንደተጻፈው አነበብኩላት። በር የሌለውን ቤት ተረት። የራሷን። ሰውየው ሌባ ፈርቶ ያለ በር ቤት ይሠራል፣ በኋላ ራሱ የሚገባበት ያጣል። «ጝን» ባለበት ሁሉ «ግን» እያልኩ አነበብኩ።

ድንቹን አስቀመጠች። አማርኛ ለገበያ ያህል ታውቃለች፤ «ግን» ምን እንደሆነ አልጠፋትም። በአዊኛ ጠየቀችኝ፣ ምላስህ ምን ሆነ? አይደለም፣ ጽሑፉ ነው አልኳት። ታዲያ ሰውየው ቤቱን ሳይሠራ «ግን፣ ግን» እያለ ይዞራል እንዴ አለችና ሳቀች። እስክታስል ሳቀች። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመ።

«ይህን ልጆች ሊማሩበት ነው?»

ነው አልኳት። የእኔን አፍ አበላሽተህ ልትሰጣቸው ከሆነ ተረቶቼን መልስልኝ አለች። በቁጣ አይደለም። ያዋሰችኝን ማጭድ እንደምትጠይቅ አድርጋ። እንዴት ነው ተረት የሚመለሰው? ስመለስ በመንገድ ሁሉ ይህን አሰብኩ። ጥርሴን ነክሼ።

ሰኞ፣ ጥር 26። ከቀኑ 11፡00

ኩራቴን ዋጥኩ። ከመጀመሪያ ልጻፍ ብል አልደርስም። ሱቅ ሄጄ የልጅቷን ፋይል በፍላሽ ተቀበልኩ። ይቅርታ ልትለኝ ስትጀምር አቋረጥኳት። አሁን ሳስበው ይቅርታ ልትል ነበር፤ እኔ ግን ለቁጣዬ ሳስቼለት ፋታ አልሰጠኋትም።

ፊደሏን የት እናግኛት? ኪቦርዱ ላይ የለችም። የቱንም ብጫን የለችም። እትዬ አበራሽ መነጽራቸውን አውርደው ቀረቡ። ከላይ ካሉት ቃላት «ኢንሰርት» የሚለውን ነኩ፣ ቀጥሎ «ሲምቦል»። በትንንሽ ሳጥን የታሰረ የፊደል ሠራዊት ተከፈተ። ሀ ሁ ሂ ብሎ ይወርዳል። ገ ጉ ጊ ካለፈ በኋላ፣ ማንም የማይሄድበት ጥግ፣ ቆማለች። ጘ ጙ ጚ ጛ ጜ ጝ ጞ። ከነ ወንድሞቿ!

ደብተሬ፣ ጮህኩ። የቢሮው ድመት ሮጠች።

«ይችን ነው ስትፈልግ የሰነበትክ?» አሉ እትዬ አበራሽ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ስጽፍ አይቻትም አላውቅ። ቆይ፣ እንዴት ነው የምትባለው?»

አልኩላቸው። ሞከሩ። «ኝን» አሉ። አይደለም አልኩ። «ንግን» አሉ። ሦስቴ ሞክረው በአፍንጫቸው አወጧትና እንደ ልጃገረድ ሳቁ። ዳንግላ ተወልጄ፣ አገው መሃል አርጅቼ፣ ቤታችሁን መጥራት ዛሬ ተማርኩ አሉ። ከቁጣዬ ትንሽ ቀነሰብኝ። አልወደድኩትም፤ ሥራው አላለቀም።

ደግሞም ይህን ልጠይቅ። እዚያ ውስጥ ካለች፣ አንድ ሰው አንድ ቀን አስቦ ካስገባት፣ ለምን ደበቋት? ለምን እንደ እንግዳ በጓዳ በር?

ሐሙስ፣ ጥር 29። ከቀኑ 9፡45

ውርደት። በዝርዝር እጽፈዋለሁ፣ ለቅጣቴ።

እትዬ አበራሽ ስብሰባ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር አሳዩኝ፤ አንድ ቃል ጽፈህ በሌላ ተካው ትለዋለህ፣ ፋይሉን ሁሉ አስሶ ይተካዋል። «ግን» ፈልግ፣ በ«ጝን» ተካ። ሁሉንም። አንድ ቁልፍ። ተጫንኩ። ዓይኔን ስጨፍን አለቀ። ሴቭ አደረግሁ (አሁን አውቄያለሁ!)። ዘጋሁ። ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። የሳምንታት ሥራ በአንድ ጣት! ደስ ብሎኝ በመንገድ የማላውቀውን ሰው ሰላም አልኩ።

ተመልሼ ከፈትኩት። መጽሐፉ መቅድም አለው፣ በአማርኛ። ከኋላም የቃላት ፍች አለው፣ በአማርኛ።

«ተረቶቹ አጭር ናቸው፤ ቤት ብዙ ይናገራሉ።»

«ግን ብዙ ይናገራሉ» ብዬ ነበር፤ አሁን በትርጉሙ ሲነበብ እንዲህ ሆነ። በስክሪኑ ላይ «ጝን» ይላል። አማርኛዬ ውስጥ «ግን» የነበረ ሁሉ ቤት ሆኗል። ጓደኞቼ ቤት አላመኑኝም። መንገዱ ሩቅ ነበር፣ ቤት ሄድኩ። ግንቦት «ጝንቦት» ሆኗል። ግንድ «ጝንድ»። ግንኙነት እንኳ አልቀረም። ልጅቷ ቤቴን ሁሉ ግን ብታደርግ፣ እኔ ግኔን ሁሉ ቤት አደረግሁት። ከእሷ በምን ተሻልኩ? እሷ ቢያንስ አንድ በአንድ ነው የተሳሳተችው።

እትዬ አበራሽ መጡ። የሆነውን መልስ የሚል ቁልፍ እንዳለ ነገሩኝ። ዘግተህ ከከፈትክ ግን አይሠራም አሉ። ዘግቼዋለሁ። ሻይ ልጠጣ!

«እንግዲህ በዓይንህ ነው» አሉኝ። «ማሽኑ የቱ ቤት እንደሆነ፣ የቱ ግን እንደሆነ አያውቅ። አንተ ነህ የምታውቅ።»

አንድ በአንድ ጀመርኩ። ይህ ቤት። ይህ ግን። ይህ ቤት።

መቅድሙ ላይ ስደርስ «እናቴ ግን አልረሳችም» ያልኩት «እናቴ ቤት አልረሳችም» ሆኖ አገኘሁት። ቆምኩ። ይችን አንዲቷን አልነካኋትም።

ሰኞ፣ የካቲት 3። ከቀኑ 10፡00

ነነዌ ገባ። በባዶ ሆድ ስክሪን ማየት ያዞራል። አሥራ ዘጠኙም አለቁ። ውሻው ወደ ቤት ገባ፣ ሰውየው ቤት ሠራ፣ ቤቱ ተቃጠለ። ቀዩ መስመር እንዳለ ነው። አሁን አያስደነግጠኝም። ይቀላ።

እዚህ ቢሮ ያለው ፕሪንተር አተመልኝ። ፊደሏ በወረቀት ላይ። ጥቁር፣ ጥርት ያለች። በጣቴ ዳሰስኳት፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ። አለቀቀም።

ዛሬ አልተቆጣሁም። ይህ ራሱ ያሳስበኛል።

ረቡዕ፣ የካቲት 5። ከቀኑ 8፡00

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በቅደም ተከተል።

ፍላሹን ይዤ ጽ/ቤት ሄድኩ። የሚረከበው ስማቸው የሚባል ልጅ ነው። የእኔ ተማሪ ነበር፣ አራተኛ ክፍል። የግምጃ ቤት ከተማ ልጅ፣ አፉን የፈታው በአዊኛ። አክብሮ ተቀበለኝ፣ ወንበር ሰጠኝ። ፍላሹን ሰካ፣ ከፈተ።

ሳጥን። ጝ ባለችበት ሁሉ ባዶ ሳጥን። ገጹ በመስኮት የተበሳ ይመስላል። የሱ ማሽን ላይ የፊደሉ መልክ፣ ፎንት የሚሉት፣ የለም።

ስማቸው በአዊኛ ቀለደ። ቤት ነው ያሉኝ፣ ሳጥን ነው እንዴ ያመጡልኝ መምህር አለ። ቃሏን ሲጠራት አፉ ላይ ልክ ናት። ያለ ጥረት። አሁን ያልካትን ጻፋት አልኩት። ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ሄደ። ቆመ።

«በ‹ግ› ይሁን፣ መምህር» አለ በመጨረሻ። «ዓርብ ወደ ማተሚያ ይሄዳል። የመጀመሪያው ፋይል አለኝ። ልጆቹ ከዓረፍተ ነገሩ ይረዱታል።»

ያን ጊዜ ተነሳሁ። የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፍም። ጮህኩ። ቤት የሌለው ቋንቋ ልታስተምሯቸው ነው ወይ አልኩ። አንተስ የማን ልጅ ነህ፣ እንዲህ ያለ ፊደል እንዳለ ጠፍቶህ ነው ወይ አልኩ። ከጎረቤት ቢሮ ሰው ብቅ አለ።

ስማቸው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በሩን ዘጋና ቀስ ብሎ፣ በአማርኛ፣ እንዲህ አለኝ፦

«አራተኛ ክፍል ‹ቤታችን› በሚል ርዕስ ድርሰት አጻፉን። እኔ ቃሏን በእኛ ጻፍኳት። ፊደሏን ማን አሳይቶኝ? ግ ጻፍኩና ከላይዋ ነጥብ አደረግሁባት፣ በአፍንጫ እንድትነበብ። እርስዎ በቀይ ሰረዟት። ከዳሩ ላይ ‹እንዲህ ያለ ፊደል የለም› ብለው ጻፉ። ደብተሩ እናቴ ዘንድ አለ፣ መምህር። አሁንም አለ።»

አላስታውስም። ያን ጊዜ በአዊኛ አናስተምርም ነበር፣ ትእዛዙ ያ ነበር፣ ወጣት ነበርኩ። ይህን ሁሉ ሰበብ ዋጥኩት። አላስታውስም፤ እጄን ግን አውቀዋለሁ። ያ ቀይ የእኔ ነው።

ፍላሹን ነቅዬ ወጣሁ። ደህና ዋል ሳልለው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6። ከቀኑ 11፡15

የማያውቀውን ሁሉ ስህተት ነው ይላል። ለካ የወጋኝ እዚህ ጋ ነበር።

ክፍል ገባሁ፣ አስተማርኩ፣ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ከኪሴ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ትቼው ወጣሁ። አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ረስተዋል» ብላ ተከትላ አመጣችልኝ። አመሰገንኳት። ምን ልበላት?

የምቆጣበት አቅጣጫ ጠፋኝ። በማሽኑ? በልጅቷ? በጽ/ቤቱ? ሁሉም የእኔን ሥራ ነው የሠሩት። ቢሆንም ቁጣው አልወጣልኝም። አለ። እንዲያውም አሁን ነው ትክክለኛ የሆነው፤ ከራሴ ጀምሮ ስለሆነ።

ለእትዬ አበራሽ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ድርሰቱንም። አልፈረዱም፣ አላጽናኑም። «ፎንቱን ራሱን በፍላሽ ጫንለት» አሉ። «ማሽኑ ላይ መጀመሪያ እሱን ያስገባ። ከዚያ ሳጥኑ ይከፈታል። ይኼ ምን ያስጨንቃል?» አሳዩኝ። እኔም ደግሜ አሳየኋቸው። በወረቀትም ጻፍኩት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ።

ስማቸው ባይጭነውስ? ማተሚያው ባይጭነውስ? ከውስጥ ገጽ ላይ አንዲት ፊደል ብትጠፋ ማን ያያል? ማንም። እስካሁንም ማንም አላየም። ይህን ሳስብ ነው የመጣልኝ።

ሽፋኑን ከፈትኩ። «ተረቶች ለሦስተኛ ክፍል» የሚለውን ርዕስ አጠፋሁ። በቦታው አንድ ቃል ጻፍኩ፦ ጝን። የፊደሉን ልክ ሰባ ሁለት አደረግሁት፣ አደመቅኩት፣ መሃል ላይ አቆምኩት። በሦስት ሳምንት የተማርኩትን ሁሉ በአንድ ቃል ላይ አዋልኩት። አሁን ፊደሏ ከጠፋች ሽፋኑ ላይ ትልቅ ባዶ ሳጥን ይወጣል። ባዶ ሳጥን በሽፋን ላይ የሚያትም የለም። በ«ግ» ከተኩትም «ግን» የሚል መጽሐፍ ነው የሚወጣው፤ ገና ከደጁ ሰው ይስቅበታል። ከውስጥ ሊያልፏት ይችሉ ይሆናል። ከደጅ አያልፏትም።

አንድ ዓረፍተ ነገርም መቅድሙ ላይ ጨመርኩ። አራት ጊዜ አጠፋሁት፣ አራት ጊዜ መለስኩት (የመመለሻውን ቁልፍ አውቄዋለሁ)። እንዲህ ይላል፦ «ይህችን ፊደል ማንም ሳያስተምረው፣ ‹ግ› ላይ ነጥብ ጨምሮ የጻፋት አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፣ እሱም ልክ ነበር፤ የሰረዝኳት እኔ ነበርኩ የተሳሳትኩት።»

ከሥሩ ቀይ ተሰመረበት። ሁሉም ቃል።

ወስኛለሁ። ይህ ይታተማል፤ አለዚያ የመጀመሪያውን ፋይል ከማሽኑ ላይ አጥፉ፣ ስሜንም ተረቶቹንም መልሱልኝ ብዬ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ደብዳቤውን ጽፌ አትሜዋለሁ። ኪሴ ውስጥ ነው። እናቴ ማጭዷን ትቀበላለች።

ዓርብ፣ የካቲት 7። ጠዋት 2፡40

ጽ/ቤቱ ደጅ፣ ቀርከሃ ወንበር ላይ። ጉም ነው፣ የመንገዱ ማዶ አይታይም። ጣቴ በርዷል። ፍላሹን በእጄ ጨብጬዋለሁ፣ እንዳይበርደው ይመስል።

2፡55

መጣ። እንደምን አደሩ መምህር አለ ስማቸው። ስለ ረቡዕ አላነሳም። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መጀመሪያ ፎንቱን። አነበበው፣ ተቀመጠ፣ አስገባ። ማሽኑ ያጉረመርማል። ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ አንተን እየጻፍኩ ነው፤ እጄ ሥራ ይያዝ ብዬ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው።

ሽፋኑ ተከፈተ። ከዚህ ሆኜ ስክሪኑ አይታየኝም፣ ፊቱ ብቻ ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጮክ ብሎ አላነበበም፤ በአፍንጫው ግን ሰማኋት። ሳጥን አይደለችም።

ወደ ታች እየወረደ ነው። መቅድሙን በለሆሳስ ማንበብ ጀምሯል፤ እናቴ ቤት አልረሳችም ያለው ጋ ፈገግ አለ፤ አሁን ቀጥሎ ያለውን፣ ስለ ነጥቧ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ጀመረ። እስክሪብቶዬን ላስቀምጥ።